ኮምቦልቻ ላይ ደህና የነበረው መጋዝ ደሴ ላይ ሲታፈን

ኮምቦልቻ ግራር ስቆርጥበት የሰነበተው የሞተር መጋዜ፣ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ቤት ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ ልቆርጥ ስወጣ ጉልበት አጣ። ግንዱን ሲነክስ ጭስ ይተፋና ይጠፋል። ግማሹ የተቆረጠ ዛፍ ሥር መጋዝ ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ የሠራበት ያውቀዋል።

መጀመሪያ ቤንዚኑን ጠረጠርኩ። ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ዘይት አድርጌ አዲስ ቀላቀልኩ፤ ለውጥ የለም። ፊልትሮውንም አጸዳሁ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ስፈታው ነው ነገሩ የገባኝ፦ ጫፉ እርጥብ፣ ጥቁር ጥላሸት የለበሰ። ቤንዚን በዝቶበታል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም።

ሞተሩን አሙቄ በከፍተኛ ዙር የሚገባውን ቤንዚን የሚመጥነውን የካርቡሬተሩን ብሎን፣ ቤንዚኑ እንዲቀንስ፣ በካቻቢቴ ወደ ቀኝ አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ አጠበቅኩት። ወዲያው ድምፁ ጠራ፣ ግንዱንም ሳይንገዳገድ ጨረሰው። አብዝቶ ማጥበቅ ግን ፒስተን ያቃጥላል፤ እባካችሁ አትድፈሩ። የድሮ ቦታውን በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ኮምቦልቻ ስወርድ ሥራ ሳልጀምር እመልሰዋለሁ።