የቋንቋ ክፍል ጸጥ ሲል አትደሰቱ፦ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ መምህራን ሻይ ላይ ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ሲያሞግስ "የእሱ ክፍል እኮ ጸጥ እረጭ ያለ ነው" ይላል። ለሂሳብ መምህር ሙገሳ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ወይም አማርኛ ለሚያስተምር ግን ያጠራጥራል። 60 ልጅ የታጨቀበት ክፍል አርባ ደቂቃ ሙሉ ጭጭ ካለ የተናገረው ማነው? መምህሩ ብቻ። እሱ ደግሞ ቋንቋውን ድሮ ተምሮ ጨርሷል።

ስለ ተማሪ ሥነ ምግባር ስናወራ ይህን ነገር እንረሳዋለን። የሌላው ትምህርት ዲሲፕሊን እንዳለ ወደ ቋንቋ ክፍል ሲገባ ልጆቹን ያርቃል እንጂ አያርምም። ከማያቸው ስህተቶች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ጫጫታን ሁሉ ረብሻ ማለት

በቋንቋ ክፍል ሁለት ዓይነት ጫጫታ አለ። አንደኛው የሥራ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ተጠጋግተዋል፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዷ ትመልሳለች፣ ሦስተኛው "ኧረ እንደዚያ አይባልም" ይላል። ሁለተኛው የትናንት ማታው የአርሴናል ጨዋታ ነው። በር ላይ ቆሞ ለሚያዳምጥ ዩኒት ሊደር (የተማሪ ሥርዓት ተቆጣጣሪው) ሁለቱም አንድ ናቸው። ስለዚህ የቃል ሥራ ያላችሁ ቀን ቀድማችሁ ንገሩት። ካልነገራችሁት መጥቶ "ምንድነው ይሄ?" ሲል ክፍሉ እንደገና ጭጭ ይላል፤ ቀጥሎ ተናገሩ ብትሏቸው የሚተነፍስ አይኖርም።

ሁለቱን ጫጫታ የሚለያቸው ትእዛዙ ነው። "በቡድን ተወያዩ" ካላችሁ ልጆቹን በቀጥታ ወደ አርሴናል ልካችኋል። "ሦስት ደቂቃ አላችሁ። ጓደኛችሁ ትናንት ያደረገውን ሦስት ነገር ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዚያ የማስነሳው እኔ የመረጥኩትን ነው" ስትሉ ግን ጊዜም፣ የሚጻፍ ነገርም፣ ተጠያቂነትም አለ።

ጎንደር ላይ ደግሞ የሚወራ ነገር አይጠፋም። ግማሹን ክፍል አስጎብኚ፣ ግማሹን እንግዳ አድርጉት። እንግዳው ይጠይቃል፦ ከተማዋን ማን መሠረታት? መቼ? የቁስቋምን ግቢ ያሠራችው ንግሥት ማን ናት? የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ምን ተሥሏል? አስጎብኚው አፄ ፋሲለደስን፣ 1636 እ.ኤ.አ.ን፣ እቴጌ ምንትዋብንና ክንፋቸውን የዘረጉትን የመላእክት ፊቶች በእንግሊዝኛ ማምጣት አለበት። ከኋላ ወንበር ሲበጠብጥ የሚውለው ልጅ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይነቃል። ፒያሳ ያደገ ነዋ! ከመጽሐፍ ያልተማረው እንግሊዝኛ ከፈረንጅ ጋር ሲያወራ የለቀማት ናት፤ እስካሁን ክፍል ውስጥ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ብቻ ቆልፎባት ኖሯል።

ማስቆሚያውስ? "ዝም በሉ!" ብሎ መጮህ ሦስተኛ ፔሬድ ላይ ድምፅ ይዘጋል። አንድ ቦታ ቁሙ፣ እጅ አንሡ፣ ጠብቁ። የመጨረሻው ልጅ ዝም ሳይል አንዲት ቃል እንዳትተነፍሱ። መጀመሪያ ሰሞን ትንሽ ያስጠብቃችኋል፤ እየዋለ ሲያድር "ሽ... ሽ..." እያሉ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። አንድ ጊዜ ግን በጫጫታው ላይ ደርባችሁ ማስተማር ከጀመራችሁ ምልክቱ ሞቷል፤ ሀ ብላችሁ መጀመር ነው።

ሳቅን አብሮ ስቆ ማለፍ

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ከገጠር፣ ከበለሳ መጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ አስቡ። በሶና ቆሎዋን ይዛ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ተዳብላ የምትኖር፣ ደብተሯ ንጹሕ የሆነች ልጅ። ስለ ጣና ደሴቶች የሚያወራ ምንባብ እንድታነብ ተነሣች። ሁለተኛው መስመር ላይ "አይላንድ" የሚለውን እንደ አጻጻፉ "ኢስላንድ" አለችው። ከኋላ አንዱ ቀበል አድርጎ "ኢስላንድ!" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ፈገግ አለ። እሷ ምንባቡን በሹክሹክታ ጨርሳ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ስሟ ሲጠራ መልሷ አንድ ነው፦ "አልገባኝም ቲቸር።" ንባብ ባለበት ቀን ራሷን ያማታል። ወንድ ቢሆን ምናልባት መንገዱ ሌላ ይሆን ነበር፤ ሰው ሳይስቅበት ቀድሞ ያስቃል። "ረባሽ" ብለን ስም ካወጣንላቸው ልጆች ስንቶቹ "ደደብ" ከመባል "ረባሽ" መባል ይሻላል ብለው የመረጡ ይሆኑ? አማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይም ያው ነው። የገጠር ዘዬ ያለው ልጅ አፉን በከፈተ ቁጥር "ገጠሬ" የሚል ጥቅሻ አለ። ጥቅሻው ድምፅ ስለሌለው መምህሩ አይሰማውም፤ ልጁ ግን ያየዋል።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በግልጽ ተናገሩ፦ ማርፈድም፣ የቤት ሥራ አለመሥራትም ያስጠይቃል፤ በሰው መልስ መሳቅ ግን ከሁሉም በላይ ያስጠይቃል። ሲከሰት ስብከት አያስፈልግም። ልጅቷን ለመከላከል ብላችሁ ረጅም ንግግር ካደረጋችሁ እፍረቷን እጥፍ አደረጋችሁት። የሳቀውን ለአፍታ እዩት፣ ወደ እሷ ዞራችሁ "ቀጥዪ" በሏት። ከእሱ ጋር የምትነጋገሩት ደወል ከተደወለ በኋላ፣ ለብቻ ነው።

እርማቱንም መሐል ላይ አትዘንቡት። ስህተቶቹን ሰሌዳው ጥግ ላይ እየጻፋችሁ ቆዩ፤ መጨረሻ ላይ የማን እንደሆኑ ሳትናገሩ ከክፍሉ ጋር አርሟቸው። ደግሞም ማንም ልጅ ያላየውን ምንባብ ተነሥቶ እንዲያነብ አይገደድ። መጀመሪያ ለዴስክ ጓደኛው በለሆሳስ ያንብብ፤ ከዚያ ለክፍሉ።

ቋንቋውን ጅራፍ ማድረግ

"አንተ የምታወራው፣ ተነሥና መልስ!" "ይቺን ዓረፍተ ነገር መቶ ጊዜ ጽፈህ አምጣ።" "አማርኛ የተናገረ አንድ ብር ይከፍላል።" ሦስቱም አንድ ነገር ያስተምራሉ፦ መናገርና መጻፍ የጥፋተኛ ሥራ ነው። በአንድ ብሩ ቅጣት በተለይ አልስማማም። 9ኛ ክፍል የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም ቀኑን ሙሉ ሲከብዳቸው ይውላል። እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ አማርኛም ሲከለከል የቀራቸው ዝምታ ነው፤ ዝምታ ደግሞ ብር አያስከፍልም! ይልቅ ጊዜ ክፈሉላቸው፦ ሁለት ደቂቃ በአማርኛ ያስቡ፣ ይመካከሩ፤ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ብቻ።

"ውጣ!"

የሚፈልገውን ሰጣችሁት። ጆተኒው (የጠረጴዛ ኳሱ) ከአጥሩ ዝቅ ብሎ ነው ያለው።

ኩርኩምና ማንበርከክ

እዚህ ላይ ብዙ የሚያከራክር የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። "እኛም ተኮርኩመን ነው የተማርነው" የሚለውን ክርክር የሚያነሡ ባልደረቦች አሉ። ተኮርኩመን የተማርነውን እንግሊዝኛ እስቲ እንናገረው።

በትንሽ በትልቁ "ወላጅ አምጣ"

ወላጁ ከተማ ላለ ልጅ ይሠራ ይሆናል። አባቱ ጭልጋ ወይም በለሳ ለሆነ ልጅ ግን የመኸር ሥራ ጥሎ፣ የመኪና ከፍሎ መምጣት ማለት ነው፤ ለዚያውም ሞባይል ነክተህ ተገኘህ ለሚባል ጉዳይ። ስለዚህ ልጁ መላ ይፈልጋል። መላውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ መንገድ ላይ ያገኘውን ጎልማሳ ሻይ ጋብዞ "አጎቴ" ብሎ ያመጣል። አጎትዬውም "እንዲህ ነው እንዴ የምታዋርደን!" እያለ ከእውነተኛ አባት በላይ ይቆጣል፤ እኛም ረክተን እናሰናብታለን። የቁጣውን ብዛት ላየ ነገሩ ይገባዋል።

ወላጅ የሚጠራው ለከባድ ጉዳይ ይሁን። ለቀረው ስልክ በቂ ነው። ስትደውሉ ደግሞ ሁልጊዜ ለክስ አይሁን። "ልጅዎ ዛሬ ክፍል ፊት ቆሞ ጥሩ ተናገረ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላችሁ አንድ ቀን ደውላችሁ እዩ። ሌላ ቀን ለክስ ስትደውሉ ጆሮ ታገኛላችሁ።

ለፊት ወንበር ብቻ ማስተማር

እጅ የሚያወጡት ያው አምስት ስድስት ልጆች ናቸው። እነሱን እያስመለሱ መሄድ ይመቻል፤ ትምህርቱ የሄደ ይመስላል። የቀሩት ግን ሥራ ፈተዋል፤ ሥራ የፈታ ልጅ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ጥያቄውን መጀመሪያ ጠይቁ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ስም የምትጠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ስም አስቀድማችሁ ከጠራችሁ የተቀረው ክፍል እፎይ ብሎ ወደ ወሬው ይመለሳል። ስትቆሙም ከሰሌዳው ሥር አትተከሉ። የመጨረሻው ዴስክ አጠገብ ቆሞ ማስተማር ብቻውን ብዙ ወሬ ያቆማል።

ማርክን ማስፈራሪያ ማድረግ

"ከአስሩ እቀንስብሃለሁ" ማለት ቀላል ነው። ግን ማርኩ የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ነው፤ የጨዋነት ውጤት ከገባበት ልጁ ምን እንደሚችል እናንተም አታውቁም።

የከተማዋን ቀን መቁጠሪያ መርሳት

ይቺ ትንሽ ናት፤ ግን በየዓመቱ ታጣላናለች። ጥምቀት ሲቃረብ ልጆቹ ልባቸው እዚህ የለም። ማታ መዝሙርና ጭፈራ ይለማመዳሉ፣ ቀን ያንቀላፋሉ፤ ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ቃና ዘገሊላ ነው። በዚያ ሳምንት የቃል ፈተና ይዞ "ምን ነካቸው?" ማለት ከከተማው ጋር መጣላት ነው። ፈተናውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አድርጉት። 13 ላይ ድምፃቸው ተዘግቶ ሲመጡ ጽሑፍ አሠሯቸው፦ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያዩትን በኃላፊ ጊዜ፣ አሥር ዓረፍተ ነገር።