ዳታው ጠፋ ወይስ ሌላ ፋይል ተከፈተ? የዳታቤዝ አድራሻ ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ ሐዋሳ ፒያሳ ያለ የመለዋወጫ ሱቅ እንበል። በኤስኪውላይት (ዳታን በአንድ ፋይል በሚያስቀምጥ ዳታቤዝ) የሚሠራው የሽያጭ ፕሮግራም ከዴስክቶፕ ሲከፈት የወሩ ሽያጭ በሙሉ አለ። ማታ በታስክ ስኬጁለር (ፕሮግራሞችን በተቀጠረ ሰዓት በሚያስነሳው የዊንዶውስ መሣሪያ) በራሱ ሲነሳ ግን «ኖ ሰች ቴብል»፣ ማለትም «እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለም» ይላል። ዳታው አልጠፋም፤ የተከፈተው ሌላ ፋይል ነው።

ምክንያቱ፦ ኮዱ ላይ የተጻፈው «ሽያጭ.ዲቢ» ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጎዶሎ አድራሻ የሚቆጠረው ፕሮግራሙ ሲነሳ ከቆመበት ፎልደር፣ ማለትም ከወርኪንግ ዳይሬክተሪ ነው። የፕሮግራሙ ፋይል የተቀመጠበት ፎልደር የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለባጃጅ ሹፌር «ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ወደ ቀኝ» ቢሉት ከፒያሳ ሲነሳና ከአቶቴ ሲነሳ አንድ ቦታ አይደርስም። ታስክ ስኬጁለር «ስታርት ኢን» የሚለው ሳጥን ባዶ ከሆነ ከዊንዶውስ የራሱ ፎልደር ከሲስተም32 ይነሳል። ሊኑክስ ላይ በክሮን (በሰዓት አስነሺው) የሚነሳ ሥራ ከተጠቃሚው ሆም ፎልደር፣ የሲስተምዲ ሰርቪስ (ሲስተሙ ከጀርባ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ደግሞ ከሩት፣ ማለትም ከፎልደሮች ሁሉ የበላይ ከሆነው «/» ይነሳል።

ነገሩን የሚያከብደው ኤስኪውላይት የተጠራው ፋይል ሲጠፋ ዝም ብሎ 0 ባይት የሆነ አዲስ ፋይል መፍጠሩ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ቴብሎቹን ራሱ የሚሠራ ከሆነማ ስህተት እንኳ አይታይም፤ ባዶ ሪፖርት ብቻ ይወጣል።

ማረጋገጫ፦ ከዚያው ችግር ካለበት ፕሮግራም ውስጥ «ፕራግማ ዳታቤዝ_ሊስት» የሚለውን የኤስኪውላይት ትእዛዝ ይዘዙ። ሦስተኛው አምድ የተከፈተውን ፋይል ሙሉ አድራሻ ያሳያል። በሌላ መሣሪያ ከፍቶ ማየት የሚያሳየው የዚያን መሣሪያ መነሻ ስለሆነ አይጠቅምም።

መፍትሄው፦ ከድራይቩ ስም የሚጀምር ሙሉ አድራሻ ኮንፊግ ፋይል (የፕሮግራሙ ማስተካከያ ፋይል) ውስጥ ይጻፉ። በዩአርአይ አከፋፈት (አድራሻው «ፋይል:» ብሎ ሲጀምር) «ሞድ=አርደብሊው»፣ ማለትም «ያለውን ፋይል ለማንበብና ለመጻፍ ክፈት» የሚለው ቢጨመር ደግሞ ፋይሉ ሲጠፋ ባዶ ከመፍጠር ይልቅ ወዲያው ስህተት ያወጣል። ፕሮግራሙ በፓይዘን ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ዳታቤዙ ሲከፈት «ዩአርአይ=ትሩ» ማለትን አይርሱ። በስህተት የተፈጠረውን ፋይል ከማጥፋትዎ በፊት መጠኑን ይዩ፤ ከ0 ባይት በላይ ከሆነ የማታው ሽያጭ እዚያ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል።

«አንኤብል ቱ ኦፕን ዳታቤዝ ፋይል» (የዳታቤዙን ፋይል መክፈት አልተቻለም) ካለ፦ ፎልደሩ የለም፣ ኤስኪውላይት ፋይል እንጂ ፎልደር አይፈጥርም። ወይም እዚያ ፎልደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ የለም። «ሞድ=አርደብሊው» ከተጨመረ ደግሞ ፋይሉ ራሱ አለመኖሩም ሊሆን ይችላል። ፓይዘን ላይ ደግሞ ከኋልዮሽ ስላሽ ቀጥሎ «ቲ» ወይም «ኤን» የሚል የላቲን ፊደል ካለ ወደ ታብ ወይም ወደ አዲስ መስመር ስለሚቀየር ወደፊት ያጋደለውን ስላሽ ይጠቀሙ፤ ዊንዶውስም ይቀበለዋል።

ማኑዋሉም መታረም አለበት። «የዳታቤዙን ፋይል ስም ያስገቡ» የሚለው ለዚህ ሁሉ በር ከፋች ነው። በምትኩ እንዲህ ይጻፍ፦ «የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ያስገቡ። ስሙ ብቻ ከተጻፈ ፕሮግራሙ ሲነሳ ከቆመበት ፎልደር (ከወርኪንግ ዳይሬክተሪ) ይፈለጋል፤ እዚያ ከሌለ አዲስ ባዶ ፋይል ይፈጠራል። ምሳሌ፦ ዲ:/ሱቅ/ሽያጭ.ዲቢ»