ሶሌታው እንዳያፈስ፣ በረንዳው እንዳይላጥ፦ ኮንክሪት ስናስቀባ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ቤት የሠራ ሰው ክረምትን ያውቀዋል። በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድብናል፤ አብዛኛው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ይህን ቁጥር ወደ ቤታችሁ አምጡት። እያንዳንዱ 1 ካሬ ሜትር ሶሌታ (ጠፍጣፋው የኮንክሪት ጣሪያ) በዓመት 1,400 ሊትር ውሃ ይቀበላል፣ ማለትም ሰባት በርሜል። ዋተር ፕሩፍ፣ ማለትም ውሃ የሚከላከል ቀለም፣ ማስቀባት ተገቢ ነው። ግን ያ ሁሉ ብር ወጥቶበት በዓመቱ ሲላጥ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የቀለሙ አይደለም፤ መቼና ምን ላይ እንደተቀባ ነው።

ትልቁ ስህተት ላዩ ስለደረቀ ውስጡም ደርቋል ብሎ መቀባት ነው። እኔም ተሳስቼበታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ወደ ሐይቁ ጠጋ ባለ ግቢ፣ የበረንዳ ወለል ላስቀባ ባለሙያ ጠራሁ። መስቀል አልፏል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ወለሉም ነጣ ብሎ ይታያል። «ጋሸ፣ ይሄ እኮ ክው ብሏል፣ ዛሬውኑ ይቀባ» አለኝ። ተቀባ፤ አማረም። ኅዳር ላይ ሽንብራ የሚያህሉ እብጠቶች ወጡበት። አንዱን በአውራ ጣቴ ስጫነው ፈነዳና ውሃ ጠብ አለ። ዝናብ ካቆመ ቆይቷል። ውሃው የመጣው ከሥር ነበር።

ይህን የጣና ዳር ሰው ልብ ሊለው ይገባል። ሐይቁ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ሳይሆን፣ ወንዞቹ የተሸከሙትን ውሃ አምጥተው ካፈሰሱበት በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። በጣም ዝቅ የሚለው ደግሞ ሰኔ መባቻ አካባቢ። እኛ «በጋ ገባ» ብለን ቀለም ስንገዛ መሬቱ ገና ውሃ እንደጠገበ ነው። ኮንክሪት ድንጋይ ቢመስልም በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስበው ሁሉ ውሃን ከታች ወደ ላይ ይስባል። ስለዚህ የወለልና የግድግዳ ግርጌ ሥራን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አድርጉት።

በዓይን ግምት ግን አትመኑ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ወፍራም ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፉ፤ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር አጣብቁትና እስከ ነገ ተዉት። ስታነሱት ከሥሩ ጤዛ ካለ፣ ወይም ኮንክሪቱ ከዙሪያው ይልቅ ጠቆር ካለ፣ ገና ነው። ወጪው የአንድ ቁራጭ ላስቲክ ነው፤ ለምን እንደሚዘለል አይገባኝም።

አዲስ አርማታ ላይ መቸኮልም ያው ነው። መጀመሪያ ቢያንስ ሰባት ቀን በደንብ ውሃ ይጠጣ፣ ከዚያ 28 ቀን ይሙላው። አንዳንድ ቀለሞች ከዚያ በፊት ይቀባሉ፤ ቆርቆሮው ላይ ተጽፎ ካላያችሁ ግን ጠብቁ።

ወደ ሶሌታ ስንመጣ ደግሞ፣ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ሳያስተካክሉ መቀባት አለ። ቀለም ውሃን ይከላከላል እንጂ ተዳፋት አይሠራም። ሶሌታው በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ቱቦው ማዘንበል አለበት። ከመቀባቱ በፊት ጥቂት ባልዲ ውሃ ድፉበት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱ፣ የቀረውን ኩሬ ሁሉ በጠመኔ አክብቡት። ከመቀባቱ በፊት ተሞልቶ መስተካከል ያለበት እሱ ነው። ቤት የሚያፈሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በመሃል ሜዳው አይደለም፤ ሶሌታውና ዙሪያውን ያለው አጭር ግንብ በሚገናኙበት ጥግ እና በቱቦው አፍ ዙሪያ ነው። ሶሌታ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይኮማተራል፤ ሹል ጥግ ላይ የተቀባ ቀለም ይህን አይችልም፣ ይቀደዳል። ጥጉን በሲሚንቶና በአሸዋ ክብ አስደርጉት፣ ቀለሙንም ግንቡ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አስወጡት።

ስንጥቅ ላይ በቀጥታ መቀባት፣ ወይም ሲሚንቶ በውሃ በጥብጦ ማፍሰስ፣ ለአንድ ወር ያህል ብቻ ደስ ያሰኛል። የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ከፈት ተደርጎ፣ አቧራው ወጥቶ፣ በሚለጠጥ መሙያ መሞላት አለበት።

የቆሸሸ ወለል ላይ መቀባት? ስለዚህ ብዙ አልልም። አረንጓዴውን የድንጋይ ሽበትና ነጩን ጨው በሽቦ ብሩሽ ፈትጉ፣ እጠቡ፣ አድርቁ።

የተሳሳተ ዕቃ መግዛትም ብዙ ሰው ያከስራል። ሬንጅ ከአፈር በታች ላለ መሠረት ጥሩ ነው፤ ፀሐይ በሚያገኘው ሶሌታ ላይ ግን ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ከሥሩ እርጥበት ለሚስብ የግቢ ወለል፣ ላዩን እንደ ላስቲክ ከሚሸፍን ቀለም ይልቅ ሲላን ወይም ሲሎክሳን የሚባል ውሃ የሚገፋ ኬሚካል ያለበት፣ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ዓይነት ይሻላል፤ የዝናቡን ውሃ እየመለሰ እንፋሎቱን ያስወጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚደፉ ሰዎችም አይቻለሁ። እባካችሁ ተዉት። እርጥበቱን አይከላከልም፣ ክረምት ሲገባ ታጥቦ የሚሄደው ወደ አፈሩና ወደ ሐይቁ ነው፣ በኋላ ደግሞ ምንም ቀለም አይዝበትም።

ግድግዳ ከታች ሲረጥብ ከውስጥ በኩል ቀለም መደራረብም አይሠራም። ውሃው ግድግዳው ውስጥ እንዳለ ነው፤ ወይ ልስኑን ይዞት ይወድቃል ወይ ከፍ ብሎ በሌላ ቦታ ይወጣል። ውጪ ውጡና ግርጌውን እዩ። የአበባ መደብ ተጠግቶታል? የጣሪያው አሸንዳ እዚያው ያፈስበታል? መጀመሪያ እሱን አንሱ።

አቀባቡን በተመለከተ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ኮንክሪቱ እግር በሚያቃጥልበት ሰዓት አትቀቡ። ላዩ ቶሎ ይደርቅና ከውስጥ የሚሞቀው አየር አረፋ ያወጣበታል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ መብረድ ሲጀምር ይሻላል። «አንዴ ወፈር አድርጌ ልጨርሰው» የሚል ባለሙያም አታሠሩ። ሁለት ስስ እጅ ይሁን፣ ሁለተኛው መጀመሪያው ከተቀባበት አቅጣጫ ተሻግሮ።

ከዚያ በየዓመቱ ግንቦት ላይ መሰላል አስደግፋችሁ ሶሌታው ላይ ውጡ፣ የቱቦውን አፍ ከቅጠልና ከወፍ ጎጆ አጽዱ፣ ጥጉን በእጃችሁ ዳብሱ። ያበጠ ወይም የተነሳ ቦታ ካገኛችሁ ሰኔ ሳይገባ ቆርጣችሁ ያንን ብቻ አስጠግኑ።