ሐይቁ አያታላችሁ፦ ከፍታ ላይ ባለ ሐይቅ ዙሪያ ተራራ ስትወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ቆንጆ ነው፤ ችግሩም ቁንጅናው ነው። ድንኳን ዳሩ ላይ ተተክሎ፣ ውሃው ጸጥ ብሎ፣ ተራራው ተገልብጦ ውሃው ውስጥ ሲታይ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል። ርቀቱ አጭር ይመስላል። ዳር ዳሩ ሜዳ ይመስላል። ሰውነታችንም ከፍታውን የለመደ ይመስለናል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ «ይመስላል» የሚወለዱ ናቸው፤ ግማሾቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ርቀትን በዓይን መለካት

ውሃ ላይ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ ሰው የለም። በዚያ ላይ የከፍታው አየር ጥርት ያለ ስለሆነ ማዶ ያለው ገደል እጅ ዘርግተው የሚነኩት ይመስላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሸንተረር ስንወርድ ብርቱካናማዋ ድንኳናችን ከሐይቁ ማዶ ፍንትው ብላ ትታየን ነበር። «ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው» አልን። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ለምን? ዳሩ መንገድ አልነበረውማ! የበረዶ ግግር ድሮ እየገፋ አምጥቶ የከመረው ድንጋይ ነው፤ አንዱ ፍሪጅ ያክላል፣ አንዱ መኪና ያክላል፣ ስትረግጡት ደግሞ ይወዛወዛል። አንዳንድ ቦታ ላይ ገደሉ ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ስለሚገባ መቶ ሜትር ወጥታችሁ መልሳችሁ መቶ ሜትር መውረድ ነው፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ስትወጡ ውላችሁ በደከመ ጉልበት።

ለግምት የሚጠቅም አሮጌ ስሌት አለ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ነው፦ ለ5 ኪሎ ሜትር ያህል 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት። ይህ ግን ደህና መንገድ ላይ ለሚሄድ ሰው ነው። የሚንከባለል ድንጋይ ላይ ከሆነ እኔ እጥፍ አድርጌ ነው የምይዘው፤ እስካሁን ተርፎኝ አያውቅም።

ሐይቁ ጋ ደርሶ በማግስቱ ጫፍ ለመውጣት መቸኮል

ዛሬ ሐይቁ ዳር ደረሳችሁ፣ ምንም አልተሰማችሁም፣ ራት በላችሁ፣ ተሳሳቃችሁ። «እኔን ከፍታ አይነካኝም» የሚል ሰው ከቡድኑ አይጠፋም። ግን የከፍታ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ማለትም ተኝታችሁ እያለ። 5,500 ሜትር አካባቢ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ግማሽ ያህል ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅንም እንደዚያው ይቀንሳል። ጎበዝ ስፖርተኛ መሆን ከዚህ አያድንም፤ እንዲያውም ጎበዙ ቶሎ ስለሚወጣ ቶሎ ሊታመም ይችላል።

ብዙዎች የሚከተሉት ደንብ ይሄ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኙበት ቦታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፣ በየ3 ወይም 4 ቀኑ ደግሞ አንድ ቀን እረፍት። ልብ በሉ፣ ቁጥሩ የሚመለከተው የምትተኙበትን ቦታ ነው። ቀን ላይ ከፍ ብሎ ወጥቶ ለመኝታ መውረድ ችግር የለውም፣ ይጠቅማልም።

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ወደ ላይ መሄድ የለም። ጓደኛችሁ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ፣ ወይም ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው፣ ነገሩ ከራስ ምታት አልፏል፤ አንጎል ሊያብጥ ወይም ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል። «ጠዋት እንየው» አትበሉ። ሌሊትም ቢሆን አውርዱት። እዚህ ላይ የሐይቁ ቦታ ራሱ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሐይቆች እንደ ጎድጓዳ ሳህን በድንጋይ ክምር የታጠሩ ስለሆኑ ለመውረድ መጀመሪያ ትንሽ መውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። መውጫውን በብርሃን እዩት፤ የታመመ ሰው ደግፋችሁ በጨለማ አትፈልጉት።

ፀሐይ ከወጣ በኋላ መነሳት

ቁርስ፣ ቡና፣ ፎቶ… ከዚያ ረፋድ ላይ ጉዞ። ይሄ ለሐይቅ ዳር ሽርሽር ነው። ሌሊት ድንጋዩን እንደ ሲሚንቶ አጣብቆ የያዘው በረዶ ነው፤ ፀሐይ ስትነካው ይለቃል። መጀመሪያ ከላይ «ቃ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ በጠባቧ ሸለቆ ውስጥ ድንጋዩ እየነጠረ ይመጣል። ሄልሜት ትንሹን ድንጋይ ይመልሳል፤ ትልቁን የሚመልሰው እዚያ አለመገኘት ብቻ ነው። ስለዚህ ከባድ መንገድ ከሆነ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት መነሳት የተለመደ ነው።

ጅረቱንም አትርሱ። ከበረዶ ግግር የሚመጣ ውሃ ጠዋት ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ከሰዓት በኋላ ወገብ ሊደርስ ይችላል፣ ምክንያቱም በረዶው ቀኑን ሙሉ ሲቀልጥ ይውላል። ስትሄዱ ዘላችሁት ያለፋችሁት ውሃ ስትመለሱ አላሳልፍ ይላችኋል። የመመለሻ ሰዓትም ድንኳን ውስጥ ሆናችሁ ወስኑ፣ ለምሳሌ ቀን 6 ሰዓት። ጫፉ 50 ሜትር ሲቀረው የሚደረግ ውይይት ሁልጊዜ የሚያልቀው «እንውጣ» በሚል ነው።

«በረዶው ይችላል» ብሎ ሐይቁን ማቋረጥ

ሦስት ሰዓት ከመዞር አሥር ደቂቃ መሻገር፣ ፈተናው ይገባኛል። ለአንድ እግረኛ ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይፈልጋል፤ ነጣ ያለውና ከሰማይ ከወረደ በረዶ የተሠራው ግን ጥንካሬው ግማሽ ያህል ነው። አንድ ቦታ ለክታችሁ ሁሉም እንደዚያ ነው አትበሉ፤ ጅረት የሚገባበትና የሚወጣበት ጋ ሁልጊዜ ይሳሳል። በረዶው ተሰብሮ ውሃው ውስጥ ብትገቡ የመጀመሪያው 1 ደቂቃ ትንፋሽን መቆጣጠር ነው፣ እጅና እግር የሚታዘዛችሁ 10 ደቂቃ ያህል ነው፣ ራስን እስከ መሳት ያለው ጊዜ ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ። ቦርሳችሁን ታጥቃችሁ ከገባችሁ ግን ሂሳቡ ይበላሻል። የግድ የምትሻገሩ ከሆነ የቦርሳውን ማሰሪያ ፍቱ፣ ተራርቃችሁ ሂዱ።

ገመድን በችኮላ ማሰር፣ መውረድን እንደ እረፍት ማየት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ለተራራ ወጪ የተተረተ ነው የሚመስለኝ። ብርድ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ጓደኛ ይጠብቃል፣ ቋጠሮውን በግማሽ ትተን እንነሳለን። እርስ በርስ ተያዩ፣ በእጃችሁ ነክታችሁ። ገመድ ይዛችሁ ስትወርዱ ደግሞ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አድርጉ፤ ጫፉ ማለቁን ሳያዩ ተንሸራተው ያለፉ ልምድ ያላቸው ሰዎች አሉ። ሌላው ነገር፣ ቁልቁለት ላይ ገመዱን ከዓለት ወይም ከበረዶ ጋር የሚይዝ ምንም ማያዣ ሳይኖር ሁሉም በአንድ ገመድ መታሰር ደኅንነት አይደለም። አንዱ ሲወድቅ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1865 ማተርሆርን የሚባለው የአልፕስ ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ጫፍ የደረሱት 7 ነበሩ። ሲወርዱ አንዱ አዳለጠው፣ ሌሎቹን ጎተተ፣ ገመዱ ተበጠሰ፣ 4ቱ ሞቱ። መውጣቱ ተሳክቶ ነበር እኮ።

ሜዳ ስለሆነ ብቻ ድንኳን መትከል

ከሐይቁ ውሃ የሚወጣበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ነው፣ ያምራል፣ ውሃም ቅርብ ነው። የሐይቁን ቀለም ግን እዩት። ወተት ጠብ እንዳለበት ሰማያዊ ከሆነ በረዶ ግግር የፈጨው የድንጋይ ዱቄት አለበት፤ ማለትም ከላይ ግግር አለ ማለት ነው። ከላይ ትልቅ በረዶ ወይም ናዳ ውሃው ውስጥ ከወደቀ ማዕበሉ የሚወጣው በዚያች በምታምረው ሜዳ ነው። ፔሩ ውስጥ ፓልካኮቻ የሚባለው ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1941 የድንጋይ ግድቡን ጥሶ ሁዋራስ ከተማ ላይ ሲወርድ ቢያንስ 1,800 ሰው ሞቷል። ከመውጫው ራቅ፣ ከውሃው ከፍ ብላችሁ ትከሉ፤ ከራሳችሁ በላይ ደግሞ የተንጠለጠለ በረዶ አይኑር።

አሮጌ የመንገድ መግለጫ ማመን

ይሄ አጭር ነው። ግግሮች እየሸሹ ነው። መግለጫው «ከበረዶው በቀጥታ ወደ ዓለቱ ተሻገር» ካለ አሁን እዚያ በረዶ ላይኖር ይችላል፤ የምታገኙት ለስላሳ የቆመ ድንጋይ ነው። የተጻፈበትን ዓመት እዩ፣ በቅርብ የወጣ ሰው ጠይቁ።

የፀሐይ መነጽርን «ዛሬ ደመና ነው» ብሎ መተው

አዲስ በረዶ አልትራቫዮሌት ጨረሩን እስከ 80 በመቶ ይመልሳል፣ ከፍታው ደግሞ ይጨምርበታል፤ ቀጭን ደመና አያስቆመውም። ዓይናችሁ አሸዋ የገባበት ያህል መቆጥቆጥ የሚጀምረው ማታ ነው፣ ያኔ ቀኑን ሙሉ ተቃጥሏል። ትርፍ መነጽር ያዙ፤ ከቡድኑ አንዱ መነጽሩን ሐይቁ ውስጥ መጣሉ አይቀርም።