ማታ ሙሉ፣ ቀን ጎዶሎ የሆነ የኔትፍሎው ዳታ

ምልክቱ

ከቅርንጫፍ ራውተር ዋናው ቢሮ ወዳለው ኮሌክተር (ዳታውን ተቀብሎ ግራፍ የሚሠራው ሰርቨር) ኔትፍሎው፣ ማለትም ማን ከማን ጋር ምን ያህል እንደተላላከ የሚገልጽ መዝገብ፣ ትልካላችሁ። ማታ ግራፉ ልክ ነው። ጠዋት ሰው ሥራ ገብቶ ትራፊኩ ሲነሳ ግን፣ ኢንተርፌሱ በኤስኤንኤምፒ (የራውተሩን የራሱን ቆጣሪ በሚያነበው ፕሮቶኮል) ሲታይ ለምሳሌ 80 ሜጋቢት እያሳለፈ፣ ኮሌክተሩ ከ20 ፈቀቅ አይልም። የሲኩዌንስ ስህተቱ (የተራ ቁጥር መዝለል፣ ማለትም መንገድ ላይ የቀረ ዳታ) ይቆጥራል። ቴምፕሌቱ (የሪከርዱን አቀማመጥ ለኮሌክተሩ የሚነግረው) ደርሷል፣ ፖርቱ ክፍት ነው፣ ፒንግም ይመልሳል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሳምፕሊንጉን (ከስንት ፓኬት አንዱ ይቆጠር የሚለውን) መነካካት ይጀምራል። ተዉት፤ ችግሩ እሱ ቢሆን ማታም ይጎድል ነበር።

ምክንያቱ

ራውተሩ እያንዳንዱን ፍሎው (የአንድ ግንኙነት ሪከርድ) ለብቻው አይልክም። ሞልቶ የሚነሳ ታክሲ በሉት፤ ሪከርዶቹን አንድ ፓኬት ውስጥ እያጨቀ፣ ሲሞላ ወይም የጥበቃው ጊዜ ሲያልቅ ይለቀዋል። ማታ ትራፊክ ስለሌለ ፓኬቱ ግማሽ ሳይሞላ ይወጣል፣ ትንሽ ነውና በሰላም ያልፋል። ቀን ላይ እስከ አፉ ሞልቶ ይወጣል።

የኔትፍሎው ቨርዥን 5ን እንቁጠረው። ሄደሩ 24 ባይት፣ አንድ ሪከርድ 48 ባይት፣ በአንድ ፓኬት ቢበዛ 30 ሪከርድ፤ 1464 ሆነ። የአይፒና የዩዲፒ ሄደር 28 ሲደመርበት 1492። በተለመደው 1500 ኤምቲዩ (መንገዱ የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) ያልፋል፣ 1492 ብቻ በሚያሳልፈው የፒፒፒኦኢ መስመር ላይ እንኳ ልክክ ብሎ ይገባል። መንገዱ ላይ ጂአርኢ ታነል ካለ ግን 24 ባይት ይወስድና 1476 ብቻ ይተርፋል፣ አይፒሴክ (ምስጠራው) ሲደረብበት ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ቨርዥን 9 እና ከእሱ የመጣው ስታንዳርድ አይፒፊክስ እንዲህ ያለ ቋሚ የሪከርድ ብዛት የላቸውም፤ ጃምቦ ፍሬም (ከ1500 በላይ መላክ) የተከፈተለት ላኪ 9000 ባይት ድረስ ሞልቶ ቢልክ አይግረማችሁ።

ከዚያስ? ዲኤፍ ቢት («አትቁረጡኝ» የሚለው ምልክት) ካለበት ፓኬቱ መንገድ ላይ ይጣላል። ከሌለበት ይቆራረጣል፤ ጉዱ ያለው እዚህ ነው። የፖርት ቁጥሩ ያለው የመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ፖርት 2055ን ብቻ እንዲያሳልፍ የተነገረው ፋየርዎል ሁለተኛውን ሊጥለው ይችላል። አንዱ ቁራጭ ከጎደለ ሙሉው ፓኬት ከንቱ ነው፣ ማለትም እስከ 30 ፍሎው በአንዴ። ዩዲፒ ነውና ድጋሚ የሚልክ የለም።

ለማረጋገጥ ኮሌክተሩ ላይ ቲሲፒዳምፕ (የሚገቡ ፓኬቶችን የሚያሳየው መሣሪያ) ክፈቱ፣ ግን በፖርት አታጣሩ፤ ሁለተኛው ቁራጭ ፖርት ስለሌለው ቢደርስም አይታያችሁም። በላኪው አይፒ አጣሩ። የሊኑክሱ ኔትስታት (የኔትወርክ ቆጣሪዎችን የሚያሳየው ትዕዛዝ) ላይ ደግሞ ቁርጥራጭ መገጣጠም ያቃተው ቁጥር እየጨመረ ከሆነ፣ በቃ፣ አገኛችሁት።

መፍትሄው

መጀመሪያ መንገዱን ለኩ። ከላኪው ሶርስ ኢንተርፌስ ተነስታችሁ ዲኤፍ ቢት አድርጋችሁ ወደ ኮሌክተሩ ፒንግ አድርጉ፣ እስኪያልፍ መጠኑን ቀንሱ። ሊኑክስ ላይ የምትጽፉት ቁጥር 28ቱን የሄደር ባይት አይጨምርም፣ ሲስኮ አይኦኤስ ላይ ይጨምራል። 1472 እና 1500 አንድ ናቸው ማለት ነው።

ሄደሩን ጨምሮ 1400 አለፈ እንበል። ላኪው ላይ የፓኬት መጠን የሚለው ቦታ የዩዲፒውን ይዘት ብቻ የሚቆጥር ከሆነ 1372 ጻፉ፣ ሙሉውን ፓኬት የሚቆጥር ከሆነ 1400። በአይፒቪ6 ከሆነ የሚቀነሰው 48 ነው። የትኛውን እንደሚቆጥር ማኑዋሉ ግልጽ ካላደረገው ሞልቶ የወጣ ፓኬት ርዝመቱን ቲሲፒዳምፕ ላይ እዩት። ቨርዥን 5 ላይ መጠኑን የማያስቀይር ዕቃ ከሆነ ወደ 9 ወይም ወደ አይፒፊክስ ተሸጋገሩ።

መለካት ካልተቻለስ? በ2013 የወጣው የአይፒፊክስ ስታንዳርድ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 7011፣ አይፒፊክስ በዩዲፒ ሲላክ የመንገዱ ኤምቲዩ ካልታወቀ 512 ባይት ተጠቀሙ ይላል። እኔ ግን መለካት እያለ ወደዚያ አልቸኩልም። በ512 የቨርዥን 5ን ያህል ሪከርድ 9 ብቻ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ የፓኬቱ ብዛት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል።

ፓኬቱ መቆራረጡ ቀርቶም የሲኩዌንስ ስህተቱ ከቀጠለ፣ ያው ኔትስታት ላይ የዩዲፒ ሪሲቭ በፈር (የደረሰ ፓኬት እስኪነሳ የሚጠብቅበት ቦታ) ስህተትን እዩ። እሱ እያደገ ከሆነ ፓኬቱ ደርሶ ኮሌክተሩ ነው ያላነሳው። ያኔ ፓኬቱን ማሳነስ ያብሰዋል፤ የሶኬቱን በፈር ከፍ አድርጉ።