ጠማማ ግድግዳ ላይ ጣውላ ልክክ አርጎ ማስገባት፦ ያለ ሜትር ቅርጽ የመቅዳት ዘዴ

ደብረ ማርቆስ አካባቢ ባለ የጭቃ ቤት ውስጥ መደርደሪያ ለመግጠም የሞከረ ሰው የምለው ወዲያው ይገባዋል። ግድግዳው የባህር ዛፍ ቋሚና ማገር ነው፣ በላዩ ላይ በጭድ የተቦካ ጭቃ ተመርጎበታል፣ ምርጊቱም እየተደገመ እየተደገመ ሲሄድ አንዱ ጋ ያብጣል አንዱ ጋ ይሰረጉዳል። ሜትራችሁን ዘርግታችሁ ከላይ ስትለኩ 82 ሴንቲ ይላችኋል፣ ትንሽ ወረድ ስትሉ 79፣ ከዛ ደግሞ 81 ተኩል። እነዚህን ቁጥሮች ጽፋችሁ ጣውላውን ቆርጣችሁ ስታስገቡት ወይ መሃል ላይ ይነክስና አልገባም ይላል ወይ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፣ እዛ ክፍተት ውስጥ ደግሞ አቧራውም አይጡም ይገባል።

ነገሩ የእጅ ጉድለት አይደለም። ሜትር የሚነግራችሁ በአንድ ቦታ ላይ ያለውን ርቀት ብቻ ነው፣ በሁለቱ ልኬት መሃል ግድግዳው ምን እንደሚሰራ አይነግራችሁም። ስለዚህ ጠማማ ነገር ሲያጋጥም ቁጥሩን ትቶ ቅርጹን ራሱን ማምጣት ነው ያለው። ስራውን ያስተማረኝ አጎቴ ገና ጀማሪ እያለሁ ስለካ ስሰርዝ አይቶኝ «ሜትሩን ኪስህ ክተተው ልጄ፣ ጣውላውን ግድግዳው ጋ አምጣው» ያለኝ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ገበሬውም እኮ ይሄንኑ ነው የሚያደርገው፣ ድግሩ ሲሰበርበት ሴንቲ ሜትር አይቆጥርም፣ አሮጌውን ከአዲሱ እንጨት ጋር አጋጥሞ በአይኑ እያየ ይጠርበዋል።

የሚያስፈልገው እቃ ቀላል ነው፦ የተማሪ ኮምፓስ፣ እርሳስ፣ ካርቶን ወይ የኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ በሙጫ የተጣበቀ ሰሌዳ) ቁራጭ፣ አንድ ቀጭን ቀጥ ያለ እንጨት፣ መጋዝ፣ የእንጨት ሞረድ፣ ትንሽ ከሰል። ጣውላው ግን የደረቀ ይሁን። ዋንዛ ካገኛችሁ ዋንዛ ነው፣ ለመጋዝ አይከብድም፣ መልኩም ያምራል። ግን እርጥብ ዋንዛ ላይ ምንም ያህል ተጠንቅቃችሁ ብትቀዱ ሲደርቅ በወርዱ በኩል ይጠባል (በቁመቱ ብዙም አይቀንስም) እና ልክክ ያለው ነገር በጥር ወር ክፍተት ያወጣል።

በኮምፓስ መቅዳት

አንዱ ጎን ብቻ ግድግዳ ሲነካ ይሄ ይበቃል። ጣውላውን በሚቀመጥበት ከፍታ ላይ አድርጋችሁ ግድግዳው ጋ አስጠጉት፣ በውሃ ልክ አስተካክሉትና እንዳይንቀሳቀስ ከስሩ ደግፉት። አሁን ከግድግዳው ጋር የሚነካው አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ ሌላው ክፍት ነው። ከሁሉም ሰፊ የሆነውን ክፍተት ፈልጉና ኮምፓሱን ከሱ በትንሹ ከፈት አርጋችሁ አጥብቁት፣ ከዚህ በኋላ መክፈት መዝጋት የለም። የኮምፓሱ ሹል ግድግዳውን እየዳሰሰ እርሳሱ ጣውላው ላይ እያሰመረ ከጫፍ ጫፍ ትሄዳላችሁ፣ ግድግዳው ሲያብጥ መስመሩም ያብጣል ሲሰረጉድ ይሰረጉዳል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምን መሰላችሁ፣ ግድግዳው ሲዞር እጁም አብሮ ይዞራል። አይሆንም! ኮምፓሱ ሁሌ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው ማየት ያለበት፣ ማለትም ጣውላው ወደ ግድግዳው በሚገፋበት አቅጣጫ፣ ሹሉና እርሳሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዛው አቅጣጫ ተያይተው። ምክንያቱም ስትቆርጡ ጣውላው የሚጓዘው በዛ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ ኮምፓሱን ካዞራችሁት መስመሩ የሚነግራችሁ ሌላ ነገር ነው። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፣ ኮምፓሱ 2 ሴንቲ ተከፍቶ ከነበረ ጣውላው ከተቆረጠ በኋላ 2 ሴንቲ ወደ ግድግዳው ይገባል፣ የፊቱን ጠርዝ ያንን አስባችሁ ተዉት።

ስትቆርጡ መስመሩን አትብሉት፣ ከመስመሩ ውጪ ቁረጡና ቀሪውን በሞረድ ጨርሱ። መጋዙን ትንሽ አዘንብሉት ከላይ ያለው ጠርዝ ወጣ ከስር ያለው ገባ እንዲል፣ ያኔ ግድግዳውን የሚነካው የሚታየው የላይኛው ጠርዝ ብቻ ስለሚሆን ለማስተካከል ቀላል ነው። ከዛ ግድግዳው ላይ ከሰል ቀባ ቀባ አርጉና ጣውላውን ገፋ አርጋችሁ አውጡት፣ የጠቆረው ቦታ የሚነክሰው ቦታ ነው፣ እሱን ብቻ ሞርዱ። ሶስት አራቴ ስትደጋግሙት ጥቁሩ ከጫፍ ጫፍ ይሆናል፣ ያኔ ገብቷል ማለት ነው።

ጥግ ውስጥ ሲሆን፣ ሶስት ጎን ሲነካ

ኮምፓስ እዚህ ያቅታል፣ ምክንያቱም በግራ ስታስገቡት በቀኝ አልገባም ይላል፣ ጣውላውን መጀመሪያውኑ ቦታው ላይ ማስቀመጥ አትችሉም። ለዚህ ጀልባ ሰሪዎች ሲጠቀሙበት የኖሩት ዘዴ አለ፣ የጀልባ ሆድ ውስጡ ሁሉ ጠማማ ስለሆነ ማለት ነው። እኔ ጠቋሚ እንጨት እለዋለሁ፣ ከሁሉም አስበልጬ የምወደውም እሱን ነው።

ከክፍተቱ ያነሰ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ወይ ጠንካራ ካርቶን ቦታው ላይ አጋድሙና እንዳይነቃነቅ በሚስማር ያዙት፣ ቅርጹ ምንም ቢሆን ችግር የለውም። ከዛ ግማሽ ሜትር የሚሆን ቀጭን እንጨት አንዱን ጫፍ እንደ እርሳስ ሹሉት። ሹሉን ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ አስነኩና እንጨቱ ኮምፔንሳቶው ላይ እንደተኛ በአንድ ጎኑ መስመር አስምሩ። አሁን የእንጨቱ አቅጣጫ ተያዘ፣ ምን ያህል ወደፊት እንደሄደ ደግሞ መያዝ አለበት፣ ስለዚህ እንጨቱ ላይና ኮምፔንሳቶው ላይ አንድ ላይ ጭረት አርጉና ሁለቱም ጋ «1» ብላችሁ ጻፉ። ወደሚቀጥለው ነጥብ ሂዱ፣ «2»፣ ከዛ «3»። ግድግዳው ቀጥ ባለበት በየ10 ሴንቲው ይበቃል፣ ቋሚው ወጣ ባለበትና ጥጉ ላይ ግን በየ2 ሴንቲው ውሰዱ፣ እዛ ላይ መሰሰት ኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

ሲያልቅ ኮምፔንሳቶውን ነቅላችሁ የዋንዛው ጣውላ ላይ አስቀምጡትና ያዙት። እንጨቱን መልሳችሁ መስመር 1 ላይ፣ ጭረቱ ከጭረቱ ጋር ገጥሞ፣ ሹሉ የቆመበት ቦታ ላይ ጣውላው ላይ ነጥብ። 2፣ 3 እያላችሁ ሁሉንም። የምታዩት ነገር የግድግዳው ቅርጽ ነው፣ በነጥብ ተሰርቶ ጣውላው ላይ ተኝቷል፣ አንድም ቁጥር አልለካችሁም። ነጥቦቹን ለማገናኘት ቀጭን ተጣጣፊ ልጥ እንጨት አጉብጣችሁ በሱ አስምሩ፣ ጥጉን ግን በእጅ።

ከመንቀላችሁ በፊት ኮምፔንሳቶው ላይ «ላይ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። እንጨቱም አንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚሰመርበት፣ እሱንም ምልክት አርጉበት። እኔ ይሄን ሳላደርግ ቀርቼ አንዴ ኮምፔንሳቶውን ገልብጬ አስቀመጥኩት፣ ቅርጹ በመስታወት እንደታየ ግራው ቀኝ ሆኖ ወጣ፣ የሰው ዋንዛ ከመሃሉ ቆርጬ ነው ያወቅኩት። የጣውላው ባለቤት የሆኑት እናት ምንም አላሉኝም፣ «አይዞህ ልጄ» ብቻ ነው ያሉት፣ ግን ያን ጣውላ ለማግኘት ስንት እንደደከሙ ስለማውቅ ተክቼ እስክሰጣቸው እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የተሰበረ እቃ መቅዳት

የወንበር እግር፣ የአልጋ ራስጌ ምናምን ሲሆን እቃውን ካርቶን ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን ማስመር ነው። እርሳስ ግን ውፍረት አለው፣ ወደ 7 ሚሊ ነው፣ ስለዚህ ቀጥ አርጋችሁ ስታሰምሩ መስመሩ በየጎኑ 3 ሚሊ ተኩል ይርቃል፣ ሁለት ጎን ሲሆን 7 ሚሊ ወፈረ ማለት ነው። መፍትሄው እርሳሱን በቢላ ከላይ እስከታች ለሁለት ሰንጥቆ በጠፍጣፋው ጎኑ ማስኬድ ነው፣ ያኔ የእርሳሱ ጥቁር እምብርት እቃውን ተጠግቶ ይሄዳል። ግራና ቀኙ አንድ አይነት የሆነ ነገር ከሆነ ወረቀቱን ለሁለት አጥፋችሁ ግማሹን ብቻ ቅዱና አንድ ላይ ቁረጡ።

በሁሉም በኩል የጎበጠ ነገር፣ እንደ እርፍ ወይ እንደ ሰደፍ ያለ፣ ከጎንና ከላይ ሁለት ቅድ (ካርቶን ላይ የተቀዳ ቅርጽ) ይፈልጋል፣ መሃል መሃሉን ደግሞ በየ10 ሴንቲው ውፍረቱን የሚያቅፍ ካርቶን ትቆርጣላችሁ፣ እየጠረባችሁ እሱን እያስነካችሁ ብርሃን የሚያሳልፍ ካለ ታያላችሁ። አሜሪካዊው ቶማስ ብላንቻርድ በ1819 እ.ኤ.አ. የጠመንጃ ሰደፍ መቅጃ ማሽን ሲሰራ ሀሳቡ ይሄው ነበር፣ አንዱ ጎማ ሞዴሉን እየዳሰሰ ይሄዳል፣ መቁረጫው በዛው ልክ ሌላውን እንጨት ይቆርጣል።

ቅዱን ከጨረሳችሁ በኋላ አትጣሉት። የየትኛው ቤት፣ የየትኛው ጥግ እንደሆነ ጻፉበትና ሰቅላችሁ አስቀምጡት። የግድግዳ ቅድ ከሆነ ግን ምርጊቱ ከተደገመ በኋላ እንደገና ነው የሚቀዳው፣ የአምናው አይሰራም።