እናትን ስለ ቀይ ሽብር እንዴት እንጠይቅ?

እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ስለዚያ ዘመን ዝም ካሉ አትቸኩሉ። መጀመሪያ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ብቻችሁን ሄዳችሁ እዩት። የሟቾቹን ፎቶ፣ ከጅምላ መቃብር የወጣውን አፅምና ልብስ ስታዩ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይገባችኋል። እሳቸውን ግን ሳትነግሯቸው እንዳትወስዷቸው። ልጅ ወይም ወንድም ላጣ ሰው እዚያ መቆም ከባድ ነው።

ከዚያ ቤት ውስጥ፣ ቡና ሲፈላ፣ ከቀላሉ ጀምሩ። በ1969 ዓ.ም. የት ሰፈር ነበር የምትኖሩት? ሌሊት በር ሲንኳኳ ማን ነበር የሚከፍተው? «ስንት ሰው ሞተባችሁ» ብሎ መጀመር ጭካኔ ነው። ያኔ ሬሳ መንገድ ላይ ይጣል ነበር፣ ቤተሰብ እንዳያለቅስ ይከለከል ነበር፣ የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉም አሉ፤ ስለዚህ መሀል ላይ እንባ ቢመጣ አታቋርጧቸው፣ «ይብቃኝ» ካሉ ደግሞ በቃ፣ ሌላ ቀን አለ።

ድምፅ ለመቅረጽ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። እኔ ሳላስፈቅድ ቀርጬ አክስቴን አስቀይሜያለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የድሮ ፎቶ ካለ ጀርባው ላይ ስምና ዓመት በእርሳስ፣ ቀስ ብላችሁ ጻፉ። እስክሪብቶ ያበላሸዋል።